ከሁለት ፔንዱለም እስከ ኤሌክትሮን ስፒን፦ ጥያቄዎቻችሁና መልሶቼ

በሲባጎ ላይ የተንጠለጠሉ ሁለት ፔንዱለሞች የኤሌክትሮንን ስፒን (ኤሌክትሮንን እንደ ትንሽ ማግኔት የሚያደርገውን ውስጣዊ ባሕርይ) መምሰል ይችላሉ ካልኩ ወዲህ ከባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ግቢዎች፣ ከፔዳም ከፖሊም፣ ከሃይስኩል ልጆችም ጥያቄ ጎርፏል። ደስ ብሎኛል። በየተራ ልመልስ።

ጋሼ፣ የ11ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። ቤት ውስጥ ልሠራው እችላለሁ?

በደንብ እንጂ! ሁለት ከባድ ወንበሮች አራርቀህ አስቀምጥ። በመካከላቸው ሲባጎ በአግድም ወጥር፤ በጣም አታክርረው። ከእሱ ላይ 40 ሴንቲሜትር ገደማ የሆኑ ሁለት እኩል ክሮች አንጠልጥልና ጫፋቸው ላይ እኩል ክብደት ያላቸው ዳዶዎች እሰር። አንዱን ብቻ ወደ ራስህ ሳብና ልቀቀው። እየደከመ ይሄዳል፣ ያልነካኸው ደግሞ ይነሳል። የመጀመሪያው ቀጥ ሲል ሁለተኛው በሙሉ ኃይሉ ይወዛወዛል። ከዚያ ጉልበቱን መልሶ ይሰጠዋል። ከሐይቁ የሚመጣው ነፋስ እንዳያበላሽብህ መስኮቱን ዝጋ።

እሺ፣ ጉልበት ተቀባበሉ። ስፒንን ምን አመጣው?

ዋናው ጥያቄ ይሄ ነው። የኤሌክትሮን ስፒን ሁለት መሠረታዊ ሁኔታዎች አሉት፤ «ላይ» እና «ታች»። ሌላው ሁሉ የሁለቱ ድብልቅ ነው። ጉልበቱ በሙሉ በግራው ፔንዱለም ካለ «ላይ» በለው፤ በቀኙ ካለ «ታች»። ሁለቱ እኩል ሲወዛወዙ ስፒኑ ወደ ጎን ጋድሏል፤ ወደ የትኛው ጎን እንደሆነ የሚወስነው በመካከላቸው ያለው የፌዝ ልዩነት ነው፤ ማለትም አንዱ በውዝዋዜው ከሌላው ምን ያህል እንደሚቀድም ወይም እንደሚዘገይ። ማግኔቲክ ፊልድ ስፒኑን እንደሚያዞረው፣ እዚህ የሚያዞረው ሲባጎው ነው። ትስስሩ ደካማ እስከሆነ ድረስ የስፒኑና የፔንዱለሞቹ እኩልታ አንድ ነው።

እኔን ሁሌም የሚገርመኝ ግን ሌላ ነው። ስፒንን 360 ዲግሪ ብታዞረው በእኩልታው ውስጥ ምልክቱ ይገለበጣል (ፕላስ የነበረው ማይነስ ይሆናል)፤ ወደ ነበረበት በትክክል የሚመለሰው በ720 ዲግሪ ነው። ይህን በዓይን ማየት ይቻላል። አጠገባቸው ከእነሱ ጋር ያልተያያዘ ሦስተኛ ፔንዱለም አንጠልጥል፤ ፍሪኩዌንሲው (በሰከንድ የሚወዛወዝበት ብዛት) ሁለቱ አብረው ሲወዛወዙና በተቃራኒ ሲወዛወዙ ያላቸው ፍሪኩዌንሲ አማካይ እንዲሆን ርዝመቱን አስተካክል። ከግራው ጋር እኩል አስጀምረው። ጉልበቱ ወደ ቀኝ ሄዶ ወደ ግራው ሲመለስ (ይህ የስፒኑ 360 ዲግሪ ነው)፣ ግራው ከሦስተኛው ጋር ተቃራኒ ሆኖ ታገኘዋለህ። አንዱ ሲመጣ ሌላው ይሄዳል። የሚታረቁት ከሁለተኛው ደርሶ መልስ በኋላ ነው።

አንዱ ክር ትንሽ ቢረዝምስ?

ጉልበቱ በሙሉ አይሻገርም። የሚያዞረው ማግኔቲክ ፊልድ ፍሪኩዌንሲ ያልገጠመለት ስፒንም እንደዚሁ ሙሉ በሙሉ አይገለበጥም።

ይህን በቁም ነገር የሠራ አለ?

አለ። በ2015 ዙሪክ ውስጥ የፊዚክስ ተመራማሪዎቹ ሮማን ሱስትሩንክና ሴባስቲያን ሁበር 270 ፔንዱለሞችን በሞላ (በስፕሪንግ) አያያዙ። በእያንዳንዱ ቦታ ሁለት ሁለት ፔንዱለም ነበር። የሁለቱ ጥምር እንቅስቃሴ ወደ ቀኝ ወይም ወደ ግራ ሲሽከረከር የ«ላይ»ንና የ«ታች»ን ስፒን ሚና ይጫወታል። በተወሰኑ ፍሪኩዌንሲዎች መሃሉ ጸጥ ይላል፣ ሞገዱ በዳር ብቻ ይሄዳል፤ አንዱ ስፒን ወደ አንድ አቅጣጫ፣ ሌላው ወደ ተቃራኒው። የጣናን ዳር ይዞ የሚጓዝ ሰው ዘጌ ጋ ሲደርስ ልሳነ ምድሩን ዞሮ መንገዱን እንደሚቀጥለው፣ ሞገዱም ዳሩ ቢሸራረፍ ዞሮት ያልፋል እንጂ ወደ ኋላ አይመለስም። በኤሌክትሮን ይህ ነገር የታየው በ2007 ነበር፣ ሜርኩሪ ቴሉራይድ በተባለ ቁስ ውስጥ።

ታዲያ በፔንዱለም ኳንተም ኮምፒውተር (እንደ ስፒን ባሉ ነገሮች የሚያሰላውን) እንሥራ?

አይሆንም፣ እህቴ። ለአንድ ስፒን ሁለት ፔንዱለም ይበቃል። ለ10 ስፒን ግን 20 አይበቃም፤ የተጠላለፈ ሁኔታቸውን (አንዱን ከሌላው ነጥሎ መግለጽ የማይቻልበትን) ለመያዝ 1,024 ያስፈልጋል፤ እያንዳንዱ ተጨማሪ ስፒን ቁጥሩን በእጥፍ ያሳድገዋልና። ለ50 ስፒን ከሺህ ትሪሊዮን በላይ ይሆናል። ተፈጥሮ ይህን በ50 ቅንጣቶች ብቻ ትይዘዋለች፤ ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው።

ልኬቱም ይለያል። በ1922 የፊዚክስ ተመራማሪዎቹ ሽተርንና ጌርላህ የብር አቶሞችን በማግኔት መሃል ሲያሳልፉ ጨረሩ ለሁለት፣ ለ«ላይ» እና ለ«ታች»፣ ተከፈለ፤ መሃል ላይ የሚቀር የለም። ፔንዱለም ግን ግማሽ ጉልበት ከያዘ ግማሽ ሆኖ ይታያል። «ላይ ወይም ታች ብለህ ምርጫህን አሳውቅ» ብሎ የሚያስገድደው የለም።

መምህር ነኝ። ለተማሪዎቼ ከምን ልጀምር?

ከመቁጠር። መጀመሪያ ሁለቱን አብረው፣ ቀጥሎ በተቃራኒ ያወዛውዟቸው፤ የእያንዳንዱን ፍሪኩዌንሲ በስልክ ሰዓት ይለኩ። ከዚያ አንዱን ብቻ ይልቀቁ። የሁለቱ ፍሪኩዌንሲ ልዩነት ጉልበቱ በሰከንድ ስንት ደርሶ መልስ እንደሚያደርግ ይነግራቸዋል። ሲባጎውን ሲያከርሩት ልዩነቱ ይጠብባል፣ ቅብብሉም ይዘገያል።