የጓሮ ኬሚስትሪ፦ ጥያቄያችሁን አምጡ

ሰላም ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ሱሉልታ ነው፤ ጓሮዬ ያለችው የቆርቆሮ ክፍል ላቦራቶሪዬ ናት። ስለ ቤት ሙከራ የፈለጋችሁትን ጠይቁ፣ የማውቀውን እመልሳለሁ። የሚፈነዳና የሚያደነዝዝ ነገር ግን ከኔ አትጠብቁ።

ከቱሉ ዲምቱ፦ ገና ልጀምር ነው፣ ብርም ብዙ የለኝ። መጀመሪያ ምን ልግዛ?

ሚዛን። ኬሚካል አይደለም፣ ቢከርም (የላቦራቶሪ ብርጭቆ) አይደለም። ትንሿን የኪስ ሚዛን፣ 0.01 ግራም ድረስ የምታነበውን። ብዙ ሰው በማንኪያ እየሰፈረ ይጀምርና «ትናንት ሠርቶልኝ ዛሬ እምቢ አለ» ይለኛል፤ ትናንት ስንት እንደጨመረ ስትጠይቀው ዝም። ከሚዛኑ ቀጥሎ ጎኑ የተሸፈነ መነጽርና ጓንት። ዕቃውን ከቁራሌው ታገኘዋለህ፣ የማርማላታ ብርጭቆ ለቀዝቃዛ ሥራ ይበቃል። እሳት ላይ ግን እንዳትጥደው፣ ተራ ብርጭቆ ድንገት ሲሞቅ ይሰነጠቃል።

ከሰንዳፋ፦ ቴርሞሜትሬ ተበላሸ መሰለኝ። ውሃው እየተንተከተከ 91 አካባቢ ላይ ቆሞ ቀረ።

አልተበላሸም፣ የምትኖረው ከፍታ ላይ ነው። ውሃ በ100 ዲግሪ የሚፈላው ባሕር ጠለል ላይ ነው፤ ወደ ላይ 300 ሜትር ያህል በወጣህ ቁጥር 1 ዲግሪ ገደማ ይቀንሳል። አየሩ ስለሳሳ ውሃውን የሚጫነው ነገር አነሰ ማለት ነው። እኛ ጋ ሱሉልታም 91 አካባቢ ነው፣ አቃቂ ዝቅ ስለሚል 93 ይጠጋል። እሳት ብትጨምርበት ቶሎ ይተንናል እንጂ ከዚያ አይሞቅም። ቴርሞሜትርህን መፈተሽ ከፈለግህ በበረዶ ፈትሸው፦ የተፈጨ በረዶ፣ ትንሽ ውሃ፣ በደንብ አማስለህ ትንሽ ጠብቅ። 0 ካነበበ ደህና ነው፤ የበረዶ መቅለጫ በከፍታ ብዙም አይለወጥም። ይሄን ያነሳሁት በምክንያት ነው። የውጭ ቪዲዮ አይተው «በፈላ ውሃ 10 ደቂቃ» የሚለውን እንዳለ የሚከተሉ ልጆች አሉ፤ የነሱ የፈላ ውሃና የእኛ የፈላ ውሃ አንድ አይደለም፣ ጊዜውን ጨምሩ።

ከለገጣፎ፦ ከልጆቼ ጋር የሸብ ክሪስታል ልናሳድግ ብንሞክር አሸዋ የመሰለ ነገር ብቻ ነው የሚወጣው። ልጆቹ ተስፋ ቆረጡ።

እህቴ፣ ተስፋ የሚያስቆርጥ አይደለም፣ ችኮላው ነው። ሸብ ሙቅ ውሃ ውስጥ በጣም ይሟሟል፣ ቀዝቃዛ ውስጥ ግን ትንሽ። 100 ሚሊ ሊትር ውሃ በክፍል ሙቀት ከ15 ግራም በታች ነው የሚይዘው፣ 50 ዲግሪ ላይ ከ30 ግራም ያልፋል። ሙቁን አጥግበሽ ፍሪጅ ውስጥ ብትከቺው ትርፉ በሙሉ አንዴ ይወርዳል፤ ሺህ ትንንሽ ዘር ይፈጠርና የሚያድግ የለም።

እንዲህ አድርጊ። በ100 ሚሊ ሊትር 20 ግራም ሸብ በሙቅ ውሃ አሟሚ፣ በቡና ማጥለያ ወረቀት ወይም በንጹሕ ነጠላ ጨርቅ አጥልዪ። ሲያድር ከሥር ትንንሽ ክሪስታል ይቀመጣል። ቅርጹ ያማረውን አንዱን ምረጪና በቀጭን የናይሎን ክር እሰሪው፤ የጥጥ ክር ከሆነ ክሩ ላይ ሁሉ ይበቅላል። የቀረውን እንደገና አሙቀሽ አሟሚው፣ በደንብ እስኪበርድ ጠብቂና ዘሩን ያኔ አንጠልጥዪበት። ሳይበርድ ከገባ ዘርሽ ራሱ ይሟሟል። አፉን በወረቀት ሸፍኚ፣ ከዚያ አትንኪው። ማንም አይንካው! የእኛ አካባቢ ሌሊቱ ይበርዳል ቀኑ ይሞቃል፣ ክሪስታሉ ይሄን አይወድም፤ ካርቶን ውስጥ አድርገሽ በብርድ ልብስ ጠቅልዪው። በበጋ ቶሎ ይተንናል፣ በክረምት መታገሥ ነው።

በገበታ ጨው ልሞክር ካልሽ ማቀዝቀዝ አይሠራም። ጨው በ20 ዲግሪ 36 ግራም፣ በ100 ዲግሪ 39 ግራም ነው የሚሟሟው፣ ልዩነት የለውም ማለት ይቻላል። እሱን በትነት ብቻ ነው የምታገኚው።

ከገላን፦ ልጄ፣ እኔ ላርጎ ሠርቼ ነው የምሸጠው። እንዲወፍር ጨው ብጨምር ብጨምር ጭራሽ ውሃ ሆነ። ምን ሆነብኝ?

እማማ፣ ጨው ብቻ ነው የበዛው። ቴክሳፖን፣ ያ ላርጎውን አረፋ የሚያሰጠው ወፍራም ነገር፣ ጨው ሲገባበት እየወፈረ ይሄዳል፣ አንድ ቦታ ላይ ሲደርስ ግን ይገለበጥና ይቀጥናል። ከዚያ በኋላ የሚጨመር ጨው ሁሉ ያባብሰዋል። የአሁኑን ለማዳን ጨው የሌለበት አዲስ ቴክሳፖን በውሃ አሟሙተው ቀስ እያሉ ይቀላቅሉበት። ለሚቀጥለው ጨውን አስቀድመው በውሃ ያሟሙት፣ ከአንድ ሊትር ላርጎ ላይ ትንሽ ትንሽ እየጨመሩ ይሞክሩ፣ በሚዛን ይመዝግቡ፣ መወፈሩን ሲያቆም ያቁሙ። የተለያየ ቴክሳፖን የተለያየ ጨው ስለሚፈልግ የጎረቤትን ልክ አይውሰዱ።

ከገላን፣ እንደገና፦ ተባረክ። ላርጎው ውስጥ ለሚገባው ሰልፎኒክ አሲድ ኮስቲክ ሶዳውን በድስት ነው የማሟሟው፣ ድስቴም ጠቆረ።

አሉሚኒየም ድስት ከሆነ ዛሬውኑ ያቁሙ እማማ! ኮስቲክ አሉሚኒየም ይበላል፣ ሲበላም ሃይድሮጅን ያወጣል፤ ሃይድሮጅን ከከሰል ምድጃ ጎን ደግሞ አይፈለግም። ወፍራም የፕላስቲክ ባልዲ ይጠቀሙ። ውሃው ቀድሞ ይግባ፣ ኮስቲኩ ቀስ እያለ ይከተል። በራሱ ይግላል፣ እሳት አያስፈልገውም። ጓንትና መነጽር አይርሱ፣ ዓይን ላይ ከተረጨ ብዙ ውሃ ለረጅም ጊዜ አፍስሰው ወደ ሐኪም ነው።

ከቡራዩ፦ በረኪና ላይ አሲድ ብጨምር የበለጠ ያጸዳል?

አያጸዳም፣ ክሎሪን ጋዝ ያወጣል። አቼቶም ያው ነው። ጠባብ ሽንት ቤት ውስጥ ሳንባህን ያቃጥላል። ከአሞኒያ ጋርም እንዳትቀላቅል።

ከሰበታ፦ አሲድና ቤዝ መለያ ወረቀት የት አገኛለሁ?

ሱቅ ድረስ ምን አስኬደህ፣ ከርከዴ ቀቅል። ድምቅ ያለውን ውሃ ማጥለያ ወረቀት ላይ አፍስሰህ ጥላ ላይ አድርቅ። ሎሚ ሲነካው ይቀላል፣ የቤኪንግ ሶዳ ውሃ ወደ አረንጓዴ ይወስደዋል። እርድም ይሆናል፣ ቤዝ ሲያገኝ ከቢጫ ወደ ቀይ ቡናማ ይዞራል፤ አሲድን ከንጹሕ ውሃ ግን አይለይልህም።

ከዓለም ገና፦ የዛገ መፍቻ ውሃ ውስጥ ነክሬ በባትሪ ቻርጀር ኤሌክትሪክ ላጸዳ ነው። ውሃው ላይ ጨው ልጨምር?

ጨው ክሎሪን ያመጣብሃል። ቤኪንግ ሶዳ አድርግ። የዛገውን ኔጌቲቭ ላይ፣ ተራ ብረት ፖዘቲቭ ላይ እሰር። ስቴንለስ ፖዘቲቭ ላይ እንዳታስር፣ መርዛማ ክሮሚየም ውሃው ውስጥ ይገባል። ደጅ ላይ ሥራው፣ አረፋው ሃይድሮጅን ነው።

ከኮዬ ፈጬ፦ ኮንዶሚኒየም ተከራይቼ ነው የምኖረው፣ ማስቀመጫ የለኝም። ሁሉንም በሃይላንድ ጠርሙስ ሞልቼ አልጋ ሥር አድርጌዋለሁ። ችግር አለው?

አለው፣ ከተጠየቅሁት ሁሉ ያስደነገጠኝም ይሄ ነው። ውሃ የሚመስል ነገር በውሃ ጠርሙስ አልጋ ሥር ካለ ልጅ ይጠጣዋል፣ እንግዳ ይጠጣዋል፣ አንተም ሌሊት መብራት ሲጠፋ ትጠጣዋለህ። ዛሬ ማታ በመጣበት ዕቃ መልሰው፣ ስሙንና ቀኑን በማይለቅ ማርከር ጻፍበት፣ ቁልፍ ያለው ሳጥን ውስጥ ክተት። አሲድና በረኪና አንድ ሳጥን ውስጥ አይደሩ። አያድርገውና ሰው ኮስቲክ ወይም አሲድ ከዋጠ እንዲያስመልስ አታድርገው፣ ሲወጣም ደግሞ ያቃጥለዋል። አፉን በውሃ አጥበህ፣ ዕቃውን ይዘህ በቀጥታ ሆስፒታል።