እንግዳ ፋይተር ማን ይግባ ብላችሁ ለምትከራከሩ ልጆች

ሰሞኑን አንድ ልጅ «ጋሼ፣ ሮናልዶ ፋታል ፉሪ ውስጥ መግባቱ ልክ ነው ወይ? ከጓደኞቼ ጋር ልንጣላበት ደርሰናል» ብሎ ጻፈልኝ። ፋታል ፉሪ ሰው ከሰው የሚደባደብበት ፋይቲንግ ጌም ነው፣ እግር ኳስ ተጫዋቹ ሮናልዶም በእንግድነት ከፋይተሮቹ (ከተዋጊዎቹ) አንዱ ሆኖ ገብቶበታል። በሁለት መስመር ልመልስለት ብዬ ጀመርኩና አልቻልኩም፣ የድሮ ቁጭቴን ቀሰቀሰብኝ። ዕድሜዬን የጨረስኩት በአኒሜሽን ሥራ ነው፣ ፋይተር እንዴት እንደሚራመድ፣ ቡጢ ሲሰነዝር ክብደቱ የትኛው እግሩ ላይ እንደሚያርፍ፣ የሰነዘረውን እጅ ለመመለስ ስንት ፍሬም (ተከታታይ ሥዕል) እንደሚፈጅበት ስሠራ ነው የኖርኩት፣ መልሴም ከዛው ነው የሚነሳው።

ነገሩ ቆየት ብሏል። አንድ ስቱዲዮ ውስጥ (ስሙ ይቅር) ፋይቲንግ ጌም እየሠራን ሳለ ከሌላ ጌም እንግዳ ካራክተር ይምጣ ተባለ። የማርኬቲንግ ሰዎች ዝርዝር ይዘው መጡ፣ ዝርዝሩ ላይ ያሉት ሁሉም በዛን ሰሞን ስማቸው የገነነ፣ ሰይፍ ወይ ሽጉጥ የታጠቁ ጎረምሶች ናቸው። እኛም ተራ በተራ የየራሳችንን ደገፍን፣ ልክ አሁን እናንተ እንደምታደርጉት፣ ይሄኛው ይበልጥ ታዋቂ ነው፣ ያኛው ጉልበቱ ይበልጣል ምናምን። ከመሃላችን ስብሰባ ላይ ብዙ የማታወራ አንዲት አኒሜተር ነበረች። ተራዋ ሲደርስ ከአንድ የተረሳ ትንሽ አድቬንቸር ጌም ውስጥ ያለች፣ ከዘራ ይዛ የምትሄድ አሮጊት ጠራች። የካራክተሯን ስም አልነግራችሁም፣ የፈረምነው ወረቀት አይፈቅድልኝም፣ ብቻ በራሷ ጌም ውስጥ ማንንም መታ የማታውቅ አሮጊት ናት። ሰው ሳቀ።

ልጅቷ አልተከራከረችም። ወንበሯን ገፋ አድርጋ ተነሳችና የተጠቀለለ ወረቀት እንደ ከዘራ ይዛ ክፍሉ ውስጥ መራመድ ጀመረች። መጀመሪያ ከዘራው ይተከላል፣ ከዛ አንዱ እግር ይቀድማል፣ ከዛ ሌላው እየተጎተተ ይመጣል፣ እና የኋለኛው እግር ገና ሳይደርስ ቆም አለችና «እዚህ ጋ ነው የምትመታው፣ ሰውየው ደክሟታል ብሎ ሲጠጋት» አለች። ከዛ በኋላ የሳቀ የለም።

እስቲ ሞክሩት ተባለና ፊትም ልብስም በሌለው ግራጫ ሞዴል ላይ ሠራናት። ዳሽ (በድንገት መስፈንጠር) የላትም፣ ወደ ኋላ ዘላ መሸሽ አትችልም፣ ያላት ከሁሉም ፋይተር ምት የሚረዝም ከዘራ ብቻ ነው። የኛ ጌም ደግሞ በሙሉ በሩጫ ላይ የተሠራ ነበር፣ ቀድሞ የገባ ያሸንፋል፣ እሷ ስትመጣ ያ ሁሉ ሩጫ አልሠራ አለ። ቴስተሮቹ መጀመሪያ ተናደዱ፣ ቀጥሎ ማሰብ ጀመሩ፣ በኋላ ወደ ቤት ሂዱ ሲባሉም አንሄድም አሉ። እኔን የገረመኝ ግን ሌላ ነው። ከራሳችን ፋይተሮች መሃል አንድ ግዙፍ ሰውዬ ነበር፣ ቀርፋፋ ነው ተብሎ ማንም አይመርጠውም፣ እንደውም ይውጣ እየተባለ ነበር፣ እና እሷን የሚችላት እሱ ሆኖ ተገኘ፣ ምክንያቱም አንድ ምት ተቀብሎ ሳይቋረጥ የሚያልፍ ቡጢ ነበረው፣ እስከዛ ቀን ድረስ ያ ቡጢ ምን እንደሚጠቅም የገባው ሰው አልነበረም። እኛው የሠራነውን ሰውዬ እንግዳዋ መጥታ አሳየችን።

ከዛ ፈረሰ። ያንን ትንሽ ጌም የሠራው ድርጅት ተሽጦ ስለነበር የካራክተሯ መብት ሁለት ቦታ ተከፍሎ ነበር፣ አንዱ እሺ ሲል ሌላው ዝም ይላል፣ በዚህ መሃል ጊዜው አለቀና ቦታው ዝርዝሩ ላይ ከነበሩት ጎረምሶች ለአንዱ ተሰጠ። ጎረምሳው በደንብ ተሸጧል፣ ይሄን አልክድም። አሮጊቷ ተሰረዘች፣ ልጅቷም ሌላ ሥራ አግኝታ ሄደች፣ ግዙፉም ሰውዬ በሚቀጥለው ጌም ውስጥ አልገባም። ያ አረማመድ እስከ ዛሬ ካየሁት አኒሜሽን ሁሉ ይበልጥብኛል፣ ግን ከአንድ ክፍል ሰው በቀር ያየው የለም። የሚቆጨኝ ይሄ ነው።

ስለዚህ «ማን ይገባዋል» ስትሉኝ እኔ የማየው የእንግዳውን ስም አይደለም፣ እሱ ሲመጣ ነባሮቹ ምን ይሆናሉ የሚለውን ነው። አኩማ ስትሪት ፋይተር ከሚባለው ጌም ወደ ሌላ ፋይቲንግ ጌም፣ ወደ ቴከን 7፣ ሲገባ ፋየርቦሉንም (የሚወረውረውን እሳት)፣ ጌጁንም (ሲዋጋ የሚሞላውን የኃይል መለኪያ)፣ ዘሎ የመግባት ልማዱንም ይዞ ነው የገባው፣ የቴከን ሰው ከላይ የሚመጣ ሰው መጠበቅን እንደ አዲስ ተማረ። ጌሙን አበላሸው ያሉ ብዙ ነበሩ፣ እውነትም አንዳንዴ በጣም በዝቶ ነበር፣ ግን ማንም እሱን እንደ ሌላው ሰው ሊጫወተው አልቻለም። የብዙ ጌም ካራክተሮች በሚፋለሙበት ስማሽ አልቲሜት ላይ በ2020 የማይንክራፍቱ ስቲቭ ሲመጣ ደግሞ ብሎክ መደርደር እንዲችል ሲባል የጌሙ ዳይሬክተር ሳኩራይና ቡድኑ ስቴጆቹን (መፋለሚያ ሜዳዎቹን) በሙሉ እንደገና መነካካት ነበረባቸው። አስቡት፣ ለአንድ እንግዳ መሬቱ ሁሉ ተስተካከለ። ሶልካሊበር 4 በሚባለው የሰይፍ ፍልሚያ ጌም ላይ በ2008 የመጣው የስታር ዋርሱ ዮዳም ትዝ ይለኛል፣ ከማጠሩ የተነሳ መያዝና መወርወር አይቻልም ነበር፣ ብዙ ሰው ተማሮበታል፣ እኔ ግን እሱን ያሰበውን ሰው አከብረዋለሁ፣ ምክንያቱም ቁመቱን ለሥዕል ብቻ አልተወውም።

የዛሬ ልጆች ላይ የማልወድላችሁ ነገር አለ፣ ልናገረው። ትሬለር በወጣ በአንድ ሰዓት ውስጥ ይገባዋል አይገባውም ብላችሁ ፈርዳችሁ ታልቃላችሁ፣ አንድ ጊዜ እንኳ በእጃችሁ ሳትይዙት። ማን ማንን ይገድላል የሚል ክርክርም አለ፣ እሱ ለፋይቲንግ ጌም ምንም አይጠቅምም፣ ጌም ውስጥ ከተማ የሚያፈርሰውም ጀግና በአንዲት ጃብ (ቀላል ፈጣን ቡጢ) መቋረጥ አለበት። ደግሞ ከኛ ዘመን የተሻላችሁበት አለ፣ እናንተ ፍሬም ዳታ (እያንዳንዱ ምት ስንት ፍሬም እንደሚፈጅ የሚያሳይ ዝርዝር) ታነባላችሁ፣ እኛ ያንን ወረቀት ደብቀን ነበር የምንይዘው።

ሮናልዶን በተመለከተ፣ እኔ ብሆን አላስገባውም ነበር። እግር ኳስ ተጫዋች ስለሆነ አይደለም፣ በኳስ የሚዋጋ ፋይተር በደንብ ከተሠራ የሚያምር ሐሳብ ነው። ግን ፋታል ፉሪ ከስንት ዓመት በኋላ በ2025 ሲመለስ ያ ቦታ ለሌላ ነበር የሚገባው። የፋታል ፉሪዎቹ ቴሪ በ2024፣ ማይ ደግሞ በ2025 ስትሪት ፋይተር 6 ውስጥ ገቡ፣ በምላሹ የስትሪት ፋይተሮቹ ኬንና ቹን ሊ ወደ ፋታል ፉሪ መጡ፣ እነዚህ እኮ ከ90ዎቹ ጀምሮ ሲፎካከሩ የኖሩ የሁለት ቤት (የኤስኤንኬና የካፕኮም ድርጅቶች) ልጆች ናቸው፣ ቴሪና ኬን ፊት ለፊት ሲቆሙ ማንም ማብራሪያ አያስፈልገውም። ሮናልዶ ከማን ጋር ነው ቂም ያለው?

ስለ መብት ብዙ አልልም፣ ብቻ የምትወዱት እንግዳ ሁሌም እንደማይቆይ እወቁ። ሶልካሊበር 2 በ2013 በኤችዲ ሲመለስ ከድሮዎቹ እንግዶች ስፖንና ሄይሃቺ ነበሩ፣ የዜልዳው ሊንክ ግን አልነበረም። የማርቭል ጀግኖች ከካፕኮም ካራክተሮች ጋር የሚገጥሙበት አልቲሜት ማርቭል ቨርሰስ ካፕኮም 3 ደግሞ በዛው ዓመት መጨረሻ ከዲጂታል ገበያ ወርዶ የተመለሰው በ2016 መጨረሻ ነው።

አሁን ራሴን የሚያጣላኝን ነገር ልንገራችሁ። በ2017 ተከታዩ ማርቭል ቨርሰስ ካፕኮም ኢንፊኒት ሊወጣ ሲል በፊት የነበሩት የማርቭል ኤክስመኖች፣ እነ ማግኔቶ፣ የት ሄዱ ተብሎ ሲጠየቅ፣ ካራክተር ማለት የሚሠራው ሥራ ነው፣ ማግኔቶ የሚያደርገውን ሌላም ያደርገዋል የሚል መልስ ተሰጠ። ሰዉ ተቆጣ። እኔ ከላይ የነገርኳችሁ ነገር ደግሞ ከዛ መልስ ብዙ አይርቅም፣ እኔም ነባሮቹን ምን ያደርጋቸዋል እያልኩ ነው የምለካው። ግን በዛን ጊዜ ከተቆጡት አንዱ እኔ ነበርኩ። የኪንግደም ሃርትስ ጌሙን ሶራንም ውሰዱት፣ ማን ይግባ ተብሎ በ2015 በተደረገው የስማሽ ምርጫ አንደኛ የወጣው እሱ እንደነበር ሳኩራይ የተናገረው በ2021 ነው፣ የመጨረሻው ፋይተር ሆኖ ሲመጣ። ሶራ ሰይፍ የያዘ ጎረምሳ ነው፣ ስማሽ ውስጥ ሰይፍ የያዘ ሞልቷል፣ በኔ መለኪያ ከሄድን አይገባም። እኔ ግን መምጣቱ የታወጀበትን ቪዲዮ ደጋግሜ አየሁት፣ አሁንም ይገባው ነበር ወይ ብትሉኝ ይገባው ነበር ነው የምላችሁ፣ ያን ሁሉ ዓመት እሱን ሲጠይቅ የነበረ ሰው አለና።