ስለ ፕላዝማና ሲኤንሲ ጠይቁኝ፦ ከገላን የብረታ ብረት ወርክሾፕ

ሰሞኑን ፕላዝማ መቁረጫ (በኤሌክትሪክና በአየር ብረት እያቀለጠ የሚቆርጥ ማሽን) ከሲኤንሲ ጠረጴዛ (መቁረጫውን በኮምፒውተር ከሚመራ ጠረጴዛ) ጋር ልንገጥም ነው የምትሉ ሰዎች በዝታችኋል። ከገላን፣ ከሰበታና ከለገጣፎ የመጡት ጥያቄዎች እነሆ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ የምቆርጠው ቢበዛ 6 ሚሊ ላሜራ ነው። ስንት አምፔር ልግዛ?

መልስ፦ ከ40 እስከ 50 ይበቃሃል። ካርቶኑ ላይ «እስከ 20 ሚሊ ይቆርጣል» የሚለውን ግን እንዳለ አትውሰደው። ያ ከጫፍ ተነስቶ በእጅ ሲቆረጥ ነው። ሲኤንሲ ላሜራውን መሃል ላይ በስቶ ነው የሚጀምረው። ሻጩን «ስንት ሚሊ ይበሳል?» በለው። ዝም ካለ ሌላ ሱቅ ሂድ።

ጥያቄ፦ ቶርቹ (እሳቱ የሚወጣበት የመቁረጫው እጀታ) በለኮሰ ቁጥር ኮምፒውተሩ ይቆማል። ተበላሽቶ ይሆን?

መልስ፦ ማሽንህ በሃይ ፍሪኩዌንሲ (በከፍተኛ ድግግሞሽ የኤሌክትሪክ ብልጭታ) የሚለኮስ ይመስለኛል። ያ ብልጭታ የሲኤንሲውን ቦርድ ይረብሻል። ገና ያልገዛችሁ በአየር ግፊት የሚለኮሰውን ምረጡ፤ ዋጋው ይጨምራል፣ ግን ያዋጣል። አንተ ደግሞ ጠረጴዛውን መሬት ውስጥ በተቀበረ የኤርዝ ዘንግ እሰረው። የቶርቹን ኬብል ከሞተሮቹ ገመድ አርቀው። የቶርች ከፍታ መቆጣጠሪያውን በቀጥታ ከአርኩ (ብረቱን ከሚያቀልጠው የኤሌክትሪክ ነበልባል) ቮልቴጅ ጋር እንዳታገናኘው። ከ100 ቮልት በላይ አለበት፤ ቮልቴጁን የሚቀንስ ቦርድ የግድ ነው። ክዳን ከመክፈትህ በፊት ሶኬቱን ንቀል።

ጥያቄ፦ ኖዝል (የቶርቹ ጫፍ ላይ ያለው ባለ ቀዳዳ አፍ) በሁለት ቀን ያልቅብኛል። ከመርካቶ የገዛሁት ፎርጅድ ይሆን?

መልስ፦ ሊሆን ይችላል፤ እኔ ግን መጀመሪያ የምጠረጥረው አየሩን ነው። ውሃ ያለበት አየር ኖዝልንም ከውስጡ ያለውን ኤሌክትሮድንም ይበላል፤ ክረምት ላይ ይብሳል። የኮምፕረሰሩን ታንክ በየቀኑ አፍስስ። ከታንኩ እስከ ማሽኑ ረዘም ያለ የብረት ቧንቧ አድርግ፤ አየሩ እዚያ ይቀዘቅዛል። ውሃ መለያውን መጨረሻ ላይ ግጠም። ሌላው የተረሳ ነገር ከፍታችን ነው። ከባሕር ጠለል በላይ ከ2000 ሜትር በላይ ነን፤ አየሩ ስስ ነው። ኮምፕረሰሩ የተጻፈበትን ያህል ስለማይሰጥ ማሽኑ ከሚጠይቀው በደንብ ተለቅ ያለ ግዛ። የመብሻ ከፍታህንም እይ፦ ቶርቹ ሲበሳ ከ3 እስከ 4 ሚሊ ከፍ ይበል፣ ሲቆርጥ ወደ 1.5 ይውረድ። ቀርቦ ከበሳ የቀለጠው ብረት ተመልሶ የኖዝሉን አፍ ይደፍነዋል።

ጥያቄ፦ መብራት ሲሄድ በጄኔሬተር ይሠራል?

መልስ፦ ይሠራል። እሱም በከፍታችን የተነሳ እዚህ ጉልበቱ ይቀንሳል፤ ኮምፕረሰሩንም ደምረህ አስላ።

ጥያቄ፦ የውሃ ጠረጴዛ (ከላሜራው ሥር ውሃ የሚይዝ) አለን። አሉሚኒየም ብንቆርጥበትስ?

መልስ፦ እህቴ፣ ተጠንቀቂ። የቀለጠ አሉሚኒየም ከውሃ ጋር ሲገናኝ ሃይድሮጂን ይወጣል፤ ላሜራው ሥር ከተጠራቀመ ይፈነዳል። ውሃውን አፍስሳችሁ፣ ዝቃጩን ጠርጋችሁ በደረቁ ቁረጡ።

ጥያቄ፦ ጋልቫናይዝድ (ዚንክ የተለበጠ ላሜራ) ስቆርጥ ውዬ ማታ ብርድ ብርድ ይለኛል። ወተት እጠጣለሁ፣ ይበቃል?

መልስ፦ ወተቱን ጠጣ፣ ማን ይከለክልሃል! ግን ወተት ሆድ ነው የሚገባው፣ የዚንኩ ጭስ ሳንባ። ጭሱን ከሥር የሚስብ ማራገቢያ ግጠምና ወደ ውጭ አውጣው። የብየዳ ጭስ ማጣሪያ ያለው ማስክ አድርግ፤ የጨርቁ አይሠራም። ለ50 አምፔር መነጽርህ ቁጥር 6 ይሁን፤ የፀሐይ መነጽር አይተካውም። ትንፋሽ ካጠረህ ግን ጤና ጣቢያ ሂድ እንጂ እኔን አትጠብቅ።