ሐይቅ ዳር ያለ መሬትን ለተፈጥሮ ጥብቅ ስፍራ መስጠት፦ ጥያቄና መልስ

ዶር ካውንቲ በዊስኮንሲን ግዛት፣ በሚቺጋን ሐይቅና በግሪን ቤይ መካከል ተዘርግታ የምትገኝ ባሕረ ገብ ምድር ናት። ባለንብረቶች በስጦታ ከሰጡት ቁራሽ መሬት የተቋቋሙ ትንንሽ ጥብቅ ስፍራዎች በብዛት ይገኙባታል። በዚህ ዕትም የምንመልሳቸው ጥያቄዎች በአብዛኛው ከዚያው አካባቢ መሬት ካላቸው አንባቢያን የመጡ ናቸው። ዓመተ ምሕረቱም ወራቱም ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ጥያቄ፦ ቤት ልንሠራበት ገዝተን የተውነው 4 ኤከር መሬት አለን። ይህን የምታህል ቁራሽ ማን ይቀበለናል?

መልስ፦ ተቀባዩ ማኅበር ከስፋቱ በፊት የሚጠይቀው መሬቱ ከምን ጋር እንደሚዋሰን ነው። እዚህ ያሉት ማኅበራት ላንድ ትረስት ይባላሉ፤ መሬት በስጦታም በግዢም ወስደው ለዘለቄታው በአደራ የሚይዙ፣ ለትርፍ ያልቆሙ ድርጅቶች ናቸው። 4 ኤከር፣ ማለትም 1.6 ሄክታር ገደማ፣ ከነባር ጥብቅ ስፍራ ጋር ከተያያዘ ወይም ምንጭ የሚያረጥበው ረግረግ ካለው ደስ ብሏቸው ይቀበሉታል። ሣሩ በየሳምንቱ የሚታጨድ፣ በቤቶች መካከል የተቀረቀረ ከሆነ ግን አይሆንም ቢሉዎ አይቀየሟቸው።

ትንሽ ቦታ ዋጋ የሚኖረው ለምን እንደሆነ ለማየት ሃይንስ ኤመራልድ የሚባለውን ድራጎንፍላይ ይመልከቱ። ከ1995 ጀምሮ በፌዴራል ደረጃ ለመጥፋት ከተቃረቡት መዝገብ የገባ፣ ዓይኑ አረንጓዴ፣ ውሃ ዳር የሚበር ነፍሳት ነው። እጩ፣ ማለትም ክንፍ ከማውጣቱ በፊት ያለው፣ ከምንጭ በሚመነጭ ጥልቀት የሌለው ውሃ ውስጥ ዓመታት ይቆያል፤ ውሃው ሲደርቅና የበረዶው ወቅት ሲመጣ፣ ክሬይፊሽ የሚባለው ባለ መቆንጠጫ የውሃ እንስሳ በቆፈረው ጉድጓድ ይደበቃል። ስለዚህ ከላይ ያለው ጎረቤት ቦይ ቆፍሮ ምንጩን ቢያጠነፍፈው፣ ከታች ያለው ጥብቅ ስፍራ በወረቀት ቢጠበቅም ባዶውን ይቀራል። የእርስዎ 4 ኤከር ያ የላይኛው መሬት ከሆነ፣ ከሩቅ ከሚመጣ 40 ኤከር ይበልጥባቸዋል።

በዚሁ ካውንቲ፣ በቤይሊስ ሃርበር የሚገኘው ዘ ሪጅስ ሳንክቹዋሪ የተባለው ጥብቅ ስፍራም ከትንሽ ነው የተነሣው። የፌዴራል መንግሥት በ1935 ለመርከቦች ምልክት በሚሰጡት መብራት ቤቶች ዙሪያ ያለውን 40 ኤከር ለካውንቲው ሰጠ፤ በቦታው የተጎታች ቤቶች መቆሚያ ሊሠራ ሲታሰብ ነዋሪዎች ተቃውመው በ1937 ማኅበሩን መሠረቱ። ከዚያ ወዲህ ቁራሽ በቁራሽ እየተጨመረበት ብዙ እጥፍ ሰፍቷል።

መሬቱ ለጥበቃ ባይመችም ሌላ መንገድ አለ፦ ማኅበሩ ተቀብሎ ይሸጠዋል፣ ገንዘቡን ሌላ ቦታ ለመግዛት ያውለዋል። ይህን የሚፈቅዱ ከሆነ በጽሑፍ ይስጡ። የማይፈልጉ ከሆነም እንዲሁ በጽሑፍ ይከልክሉ። ማኅበሩ በ3 ዓመት ውስጥ ከሸጠው ለፌዴራሉ ግብር ሰብሳቢ ለአይ አር ኤስ በፎርም 8282 ማስታወቅ ስላለበት፣ የሸጠበት ዋጋ እርስዎ ካስገመቱት ዋጋ ጎን ለጎን መታየቱ አይቀርም።

ጥያቄ፦ ሥራው ከየት ይጀመራል? የት ላይ ነው የሚሰናከለው?

መልስ፦ ገማችም ጠበቃም ከመያዝዎ በፊት ለማኅበሩ ይደውሉ። ባለሙያቸው መጥቶ መሬቱን ያያል፤ ለዚህ ከግንቦት መጨረሻ እስከ ሰኔ መጀመሪያ ያለው ጊዜ ይመረጣል፣ ድዋርፍ ሌክ አይሪስ የምትባለው ብርቅ አበባ የምታብበው ያኔ ነውና። ከዚያ የባለቤትነት መዝገብ ይመረመራል፣ ወሰኑ በቀያሽ ይለካል፣ የአፈር ብክለት ታሪኩ ይጠናል፣ የማኅበሩ ቦርድ ድምፅ ይሰጣል። የስጦታው ሰነድ ተፈርሞ ስተርጅን ቤይ በሚገኘው የካውንቲው መዝገብ ቤት ሲመዘገብ ሥራው ያልቃል። ወራት ይፈጃል፤ በታኅሣሥ ጀምሮ በዚያው የግብር ዓመት መጨረስ የማይመስል ነገር ነው።

የብክለቱን ጥናት እንደ ሥርዓት ማሟያ ብቻ አይዩት። ዶር ካውንቲ የቼሪ አገር ነው፤ በድሮዎቹ እርሻዎች ሊድ አርሰኔት፣ ማለትም የእርሳስና የአርሴኒክ ውሁድ፣ ለተባይ ይረጭ ነበር። ሁለቱም አይበሰብሱም፤ ከላይኛው አፈር ጋር ተጣብቀው ይቀራሉ። ከሁሉ የከፋው መድኃኒቱ ይበጠበጥበት የነበረው ቦታ ነው። መሬትዎ የቼሪ እርሻ ከነበረ የድሮ የአየር ፎቶግራፍ ይፈልጉ፤ የጉድጓድ ውሃ ወይም የፈራረሰ ጎተራ የነበረበትን ጥግ ለባለሙያው ያሳዩት፣ ናሙና የሚወሰደው ከዚያ ነውና። መደበቅ አይጠቅምም፤ ቆይቶ ሲገኝ ስጦታው በመጨረሻዋ ሳምንት ይቆማል።

ሌላው መሰናክል ፊርማ ነው። መሬቱ ውርስ ከሆነ ስሙ ያለበት ሁሉ መፈረም አለበት። አንዱ ወንድም አዲስ አበባ ከሆነ በአሜሪካ ኤምባሲ ቀጠሮ ይዞ በቆንስላ ሹም ፊት ይፈርማል፤ ክፍያው ለእያንዳንዱ ማኅተም 50 ዶላር ነው። ፓስፖርቱ ላይ ያለው የስም አጻጻፍ ከመዝገቡ ጋር መመሳሰሉን ቀድመው ያረጋግጡ፤ የእኛ ሰው ስም በሁለት ሰነድ አንድ ዓይነት ተጽፎ መገኘቱ ብርቅ ነው። ሞርጌጅ ካለበት ደግሞ መጀመሪያ ይክፈሉት፤ ከነዕዳው ከሰጡት ሕጉ ዕዳውን እንደ ሽያጭ ገንዘብ ይቆጥርብዎታል።

ጥያቄ፦ ከግብር ምን ያህል ይቀነስልናል?

መልስ፦ መሬቱን ከአንድ ዓመት በላይ ከያዙት የሚቆጠርልዎ የዛሬ የገበያ ዋጋው ነው፤ ዋጋው ስለ ጨመረም ግብር አይከፍሉም። በአንድ ዓመት የሚቀነሰው ግን ከተስተካከለ ጠቅላላ ገቢዎ ከ30 በመቶ አይበልጥም፤ የተረፈው ለ5 ተከታይ ዓመታት ይተላለፋል። ገቢዎ 80,000 ዶላር ከሆነ የዓመቱ ጣሪያ 24,000 ነው። መሬቱ 100,000 ከተገመተ በአምስተኛው ዓመት ይጠናቀቃል። 200,000 ከተገመተ ግን በስድስቱ ዓመት የሚጠቀሙት 144,000ውን ብቻ ነው፤ 56,000ው ይቃጠላል። ከ2026 ጀምሮ ደግሞ ከዓመቱ ልገሳ ላይ የገቢዎ 0.5 በመቶ፣ በዚህ ምሳሌ 400 ዶላር፣ አይታሰብም። በግብር ማሳወቂያዎ ላይ ተቀናሽ ወጪዎን ዘርዝረው የማያስገቡ ከሆነ ይህ ሁሉ አይመለከትዎትም።

ከ5,000 ዶላር በላይ ለሆነ መሬት ብቁ የሆነ ገማች ያስፈልጋል። ገማቹን የሚቀጥሩት እርስዎ ነዎት እንጂ ማኅበሩ አይደለም፤ ክፍያውም በግምቱ መቶኛ ሊሆን አይችልም። ግምቱ ከስጦታው ቀን ከ60 ቀን በላይ ቀድሞ ከተፈረመ ዋጋ የለውም። ቅናሹን የሚጠይቁበትን ፎርም 8283 ገማቹም ማኅበሩም ይፈርሙበታል። መሬቱን የገዙበትን ዋጋ የሚጠይቀውን ሳጥን ባዶ መተው ትንሽ ስህተት ይመስላል፤ በዚህችው ሳጥን ምክንያት በፍርድ ቤት ቅናሻቸውን ያጡ አሉ።

ጥያቄ፦ መሬቱ በእኛው ስም ቆይቶ መጠበቅ አይችልም?

መልስ፦ ይችላል፤ በጥበቃ ውል፣ በተለምዶ ኢዝመንት በሚባለው። ባለቤትነቱ የእርስዎ ሆኖ ቤት የመሥራትና የመሸንሸን መብትዎን ለዘለዓለም ይተዋሉ። ቢሸጡት ወይም ልጆችዎ ቢወርሱትም ውሉ መሬቱን ተከትሎ ይሄዳል። የቅናሹ ጣሪያ እዚህ 50 በመቶ፣ ማስተላለፊያውም 15 ዓመት ነው፤ የሚቀነሰው ግን የመሬቱ ዋጋ ሳይሆን በውሉ ምክንያት የጠፋው ዋጋ ነው። ለ4 ኤከር ብዙ ማኅበራት በዚህ አይስማሙም፤ በየዓመቱ ሄዶ መቆጣጠር ከመሬቱ ጥቅም በላይ ይሆንባቸዋል።

ጥያቄ፦ መሬት ሰጥተን ገንዘብም ጨምሩ ተባልን። አግባብ ነው?

መልስ፦ አግባብ ነው፤ ምክንያቱንም «በክቶርን» በሚባለው ተክል ላይ ያዩታል። ከአውሮፓ የመጣ ቁጥቋጦ ነው፤ ፍሬውን ወፎች ያዛምቱታል፣ ሌላው ሁሉ ቅጠሉን ካረገፈ በኋላ እሱ ብቻ አረንጓዴ ሆኖ ይታያል። የሚቆረጠውም ያኔ፣ በጥቅምትና በኅዳር ነው። ከመሬት 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ አድርገው ይቆርጡታል፤ ወዲያው፣ ቢበዛ በጥቂት ሰዓት ውስጥ፣ ከ20 እስከ 25 በመቶ ግላይፎሴት የተባለው አረም ማጥፊያ ያለበትን ውህድ ጉቶው ላይ፣ ከቅርፊቱ ሥር ባለው ቀለበት ዙሪያ ይቀባሉ። ሳይቀቡ ከሄዱ በአንዱ ግንድ ፋንታ ብዙ ቀንበጥ ያበቅላል። ቅዝቃዜው አልፎ ማቆጥቆጥ ሲጀምር አይቆረጥም፤ ፈሳሹ ወደ ላይ ስለሚገፋ መድኃኒቱ ወደ ሥር አይወርድም። ዶር ካውንቲ ላይ መርጨት ሳይሆን በብሩሽ መቀባት ነው የሚያዋጣው፤ አፈሩ ስስ፣ ከሥሩ ያለው ድንጋይ የተሰነጣጠቀ ስለሆነ የፈሰሰ ነገር ቶሎ የጉድጓድ ውሃ ይደርሳል። ውሃ ዳር ከሆነ ደግሞ ለውሃ አካባቢ የተፈቀደው ዓይነት ብቻ ይሠራል። ከላይ የሸፈነው ቅጠል ከተነሣ በኋላ ብርሃን የነካው አፈር በችግኝ ይሞላል፤ ዘሩ መሬት ውስጥ ዓመታት ስለሚቆይ አንዴ የጀመሩትን ቢያንስ 5 ዓመት መመላለስ ግድ ነው።

ይህንን የሚሠራ እጅ፣ የወሰን ምልክት፣ መንገድ ላይ የወደቀ ዛፍ፣ ዓመታዊ ጉብኝት፣ ሁሉም ወጪ ነው። ገንዘብ ሳይጠይቅ ሁሉን መሬት ከሚቀበል ማኅበር ይልቅ የሚጠይቀው ይሻላል። በእጅዎ ጥሬ ገንዘብ ከሌለ በኑዛዜ ማስያዝ ይቻላል።

ጥያቄ፦ ስጦታውን «አደን እንዳይፈቀድ» ብለን መወሰን እንችላለን?

መልስ፦ በሰነዱ ላይ መጻፍ ይቻላል፤ ነገር ግን ማኅበሩ ግዛቱ ለጥበቃ መሬት መግዣ የመደበውን የኖውልስ-ኔልሰን ገንዘብ ሊጠቀም ካሰበ ይጋጫል። ያ ገንዘብ የገባበት መሬት በመርህ ደረጃ ለአደን፣ ለዓሣ ማጥመድና ለእግር ጉዞ ክፍት መሆን አለበት። አጋዘን በበዛበት ጫካ የዝግባና የሄምሎክ ችግኝ ተበልቶ ስለሚያልቅ፣ እኛ በበኩላችን ይህን ክልከላ አንመክርም። በአባት ወይም በእናት ስም መሰየም ግን አብዛኛውን ጊዜ ችግር የለውም።

ጥያቄ፦ ጣና ዳር ያለውን የቤተሰብ መሬት በዚሁ መንገድ መስጠት ይቻላል?

መልስ፦ በዚሁ መንገድ አይቻልም። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሠረት መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ አርሶ አደሩ ያለው የመጠቀም መብት ስለሆነ ለማኅበር የሚተላለፍ የባለቤትነት ሰነድ የለም። ጣና በ2015 በዩኔስኮ የባዮስፌር ክልል ሆኖ ተመዝግቧል፤ በሐይቁ ዙሪያ የቀሩት የደን ቁራሾች ግን በአብዛኛው በአብያተ ክርስቲያናትና በገዳማት ይዞታ ውስጥ ያሉት ናቸው። መርዳት ለሚፈልግ የሚሻለው ከደብሩ ሰበካ ጉባኤ ጋር ተነጋግሮ የድንጋይ ካብ ማሠራት ነው። ከብት ካልገባ ችግኙ ይነሣል፤ ድንጋዩም ከአካባቢው ማሳ ስለሚለቀም ገበሬው እርሻው ይጸዳለታል። ካቡ ሲሠራ ከዛፎቹ ጠርዝ ጥቂት ሜትር ራቅ ይበል፤ ደኑ ወደ ውጭ የሚሰፋበት ቦታ ያገኛል።