ካፒቶላ የሚኬደው ለወይኑ ብቻ አይደለም

እህቴ፣ እናትሽንና ሁለቱን ልጆች ይዘሽ ከሳን ሆዜ ካሊፎርኒያ ባሕር ዳር ወዳለችው ካፒቶላ የአርትና ወይን ፌስቲቫል ለመሄድ አስበሽ «መግቢያው ስንት ነው? ወይን ለማንጠጣ ሰዎች ያዋጣል ወይ?» ብለሽ ነው የጠየቅሽው። ያዋጣል! መግቢያ አይከፈልም። የሚከፈለው ወይን ለሚቀምስ ነው፤ መታወቂያ አሳይቶ ብርጭቆና ቶክን (ወይን የሚቀዳበት ምልክት) ይገዛል፤ ከ21 ዓመት በታች ክልክል ነው።

ወይኑ ከሳንታ ክሩዝ ተራሮች የሚመጣ ነው። ከባሕሩ የሚነሳው ጉም አካባቢውን ስለሚያቀዘቅዘው ፒኖ ኑዋርና ሻርዶኔ የሚባሉት የወይን ዓይነቶች ጥሩ ይወጡለታል። ባለቤቴ በጣም ይወደዋል። ግን በቶክን የሚቀዳው ጉንጭ እንኳ አይሞላም፣ ጠጅ በብርሌ የለመደ ሰው ይታዘባቸዋል።

እኔ የምሄደው ለሥዕሉና ለሸክላው ነው። አብዛኛው ሠሪ ራሱ ድንኳኑ ውስጥ ቁጭ ብሎ ነው የሚሸጠው። እንዴት እንደሠራው ጠይቂው፣ ደስ ብሎት ያወራሻል፤ ሳትገዢ ብትሄጂም ቅር አይለውም። እናቴን የወሰድኳት ጊዜ ሥዕሎቹን ገረፍ አድርጋ አይታ አለፈችና ሸክላው ጋ ስትደርስ ተተከለች። አንዱን ድስት ገልብጣ፣ በጣቷ ቆርቆር አድርጋ «እሳት ይችላል? በያት እስቲ» አለችኝ። ሸክላ ሠሪዋ ለኦቭን እንጂ ለምድጃ እንደማይሆን ስትነግረን፣ እናቴ «ታዲያ ምኑን ድስት ሆነ!» ብላ መለሰችላት። ከዚያ በኋላ ግን አፈሩ ከየት ይመጣል፣ ስንት ጊዜ ይተኮሳል ሲባባሉ እኔ አስተርጓሚ ሆኜ ቀረሁ፣ ልጆቹም ሰለቻቸውና ከአባታቸው ጋር ወደ አሸዋው ወረዱ። ባሕሩ እዛው እግርሽ ሥር ስለሆነ ልጆቹ ይሰለቻቸዋል ብለሽ አታስቢ።

ዋጋ ላይ እንደ መርካቶ በግማሽ አትጀምሪ። «ሁለት ብወስድስ?» ማለት ግን ችግር የለውም፣ በተለይ እሁድ ከሰዓት ዕቃ መጠቅለል ሲጀምሩ። ከተጻፈው ዋጋ በላይ ታክስ እንደሚጨመር አትርሺ።

ፌስቲቫሉ ብዙ ጊዜ በሴፕቴምበር ሁለተኛው ሳምንት መጨረሻ ላይ ስለሚሆን ከእንቁጣጣሽ ጋር ይቀራረባል። እሁድ ቤተ ክርስቲያን ካላችሁ ቅዳሜን ምረጪ። ጠዋት ገና ሲከፈት ድረሱ፤ ቀትር ላይ መንገዱ በሰው ይጨናነቃል፣ ለእናትሽ መቀመጫም አታገኚላትም፣ ስለዚህ ታጣፊ ወንበር መኪናው ውስጥ ይኑርሽ። ጋቢም ያዢላት፣ ጠዋት ጉሙ ይቀዘቅዛል። ካፒቶላ አሥር ሺህ ገደማ ሰው የሚኖርባት ትንሽ ከተማ ናት፤ መሀል ገብቶ መኪና ማቆሚያ መፈለግ ቀኑን መግደል ነው። ራቅ ብላችሁ አቁማችሁ በሹትል (በሚያመላልሰው አውቶቡስ) ግቡ፤ ከየት እንደሚነሳ የዘንድሮውን ማስታወቂያ እዪ። የምግቡ ሰልፍ ረጅም ነው፣ ለልጆቹ የሚቀመስ ነገር ከቤት ያዢ።

እናትሽ መራመድ ካላቃታት የእንጨቱን መርከብ ማሰሪያ ድልድይ አሳያት። በ2023 ጃንዋሪ ማዕበል ሰብሮት ነበር፣ ተጠግኖ በ2024 ሴፕቴምበር ተከፍቷል። በባሕሩ ዳር ያሉት ባለቀለም ቤቶች ከዛ ላይ ሲታዩ ፎቶ ላይ ያምራሉ።

ወደ ሳን ሆዜ ስትመለሱ ሀይዌይ 17 ተራራ የሚዞር ጠመዝማዛ መንገድ ነው፣ ማታ ደግሞ ከባሕር የሚመለሰው መኪና ሁሉ እሱ ላይ ይወጣል። ቢቻል ከቀኑ 9 ሰዓት በፊት ተነሡ። ከእናንተ ጋር የሚመጣ ሰው ወይን ከቀመሰ መሪውን አንቺ ያዢ።