ከዩኒቨርሲቲ በፊት አንድ ዓመት በኢስራኤል፦ ለጠየቁት እናት የተሰጠ መልስ

ጤና ይስጥልኝ እህቴ። ሴት ልጅዎ ዘንድሮ አሜሪካ ውስጥ ሁለተኛ ደረጃን እንደምትጨርስ፣ ዩኒቨርሲቲ ከመግባቷ በፊትም ለአይሁድ ወጣቶች በኢስራኤል ከሚሰጡት የአንድ ዓመት ፕሮግራሞች በአንዱ መማር እንደምትፈልግ ገልጸው፣ «እኔና አባቷ ኢስራኤል አድገን የወጣን ቤተ እስራኤል ነን፤ ዓመቱ በከንቱ ያልፍባት ይሆን? የትኛውንስ እንምረጥላት?» ብለው ጠይቀዋል። በኢየሩሳሌምም በደቡብም የእነዚህ ወጣቶች መድሪኽ (አስጎብኚና ተቆጣጣሪ መሪ) ሆኜ ለዓመታት ስለሠራሁ፣ ያየሁትን ሳላሳጥር ልጻፍልዎ።

ከምርጫው በፊት የሚቀድም ጉዳይ አለ፤ ብዙ ቤተሰቦቻችን የሚያስታውሱት ግን ሻንጣ ከታሰረ በኋላ ነው። ወላጆቿ ኢስራኤላውያን ስለሆናችሁ፣ ልጅዎ አሜሪካ ብትወለድም በሕጉ ኢስራኤላዊት ናት። ስለዚህ እንደ ጓደኞቿ በአሜሪካ ፓስፖርቷ ላይ የተማሪ ቪዛ አስመትታ መግባት አትችልም፤ የምትገባውም የምትወጣውም በዳርኮን፣ ማለትም በኢስራኤል ፓስፖርት ነው፤ ዕድሜዋም ለውትድርና የደረሰ በመሆኑ ጻሃል (የኢስራኤል ጦር ሠራዊት) የሚጠይቀው ነገር ይኖራል። ወላጆቻቸው ከአገር ወጥተው በውጭ ለሚኖሩ ልጆች «ቤን መሃግሪም» (የስደተኞች ልጅ) የሚባል የተለየ ደረጃ አለ። በዚህ ደረጃ የተመዘገበ ወጣት በአገሩ የሚቆይበት ጊዜ በደንብ የተወሰነ ሲሆን፣ ለትምህርት ዓመት የሚመጣም ጉዳዩን አስቀድሞ በቆንስላ በኩል መጨረስ አለበት። ይህን ሳያስተካክሉ መጥተው፣ ለፋሲካ ዕረፍት ወደ ወላጆቻቸው ሊበሩ ሲሉ አውሮፕላን ማረፊያ ላይ የተጉላሉ ልጆች አጋጥመውኛል። መልሱን በቃል ብቻ አይቀበሉ፤ በጽሑፍ ይያዙት።

ወደ ምርጫው ስንመጣ፣ የፕሮግራሞቹ ስም ብዙ አያሳስብዎ። እ.ኤ.አ. ከ1956 ጀምሮ ወጣቶችን ሲያመጣ የኖረው የያንግ ጁዴያ የዓመት ኮርስ አለ፤ ኢየሩሳሌምን መቀመጫው አድርጎ ተማሪዎቹን ወደ ሌሎች አገሮች እየወሰደ የአይሁድ ማኅበረሰቦችን ታሪክ የሚያስተምረው ኪቩኒም አለ፤ ቀኑን ሙሉ ቶራና ታልሙድ የሚጠናባቸው የሃይማኖት ትምህርት ቤቶች፣ የወንዶቹ የሺቫዎችና የሴቶቹ ሚድራሻዎችም አሉ። የኢስራኤል መንግሥትና ሶኽኑት (የአይሁድ ኤጀንሲ) እ.ኤ.አ. በ2004 ያቋቋሙት ማሳ የተባለ ድርጅት ብዙዎቹን በአንድ ጥላ ሥር ይዞ የገንዘብ ድጋፍ ይሰጣል። እኔ የምመክርዎ ማስታወቂያውንና ፎቶውን ትተው፣ በየካቲት ወር አካባቢ ያለ አንድ ተራ ሳምንት ምን እንደሚመስል በሰዓት የተከፋፈለ መርሐ ግብር እንዲልኩልዎ መጠየቅ ነው። የመጀመሪያው ወር በየትም ቦታ ያምራል፤ ገሊላ ይወጣሉ፣ ነገቭ በረሃ ያድራሉ። ብርዱና ዝናቡ መጥቶ ጉዞው ሲቀንስ ግን ፕሮግራሙ በእርግጥ ምን እንዳለው ይታያል። ጠዋት ኡልፓን (የዕብራይስጥ ቋንቋ ትምህርት) ተምረው ከቀትር በኋላ ሥራ የሌላቸው ልጆች እስከ ማታ ሲተኙ ወይም ማሐኔ ዬሁዳ ገበያ ሲዞሩ ይውላሉ፤ ዓመት የሚባክነው እንዲህ ነው።

ስለ ኡልፓኑም አንድ ነገር ልጨምር። ሌሎቹ ትምህርቶች በአብዛኛው በእንግሊዝኛ ስለሚሰጡ ዕብራይስጡ የሚያድገው እዚያ ብቻ ነው። የእኛ ልጆች ደግሞ ከእናት ከአባት የሰሙት ዕብራይስጥ ስላላቸው ይሰማሉ፣ ይናገራሉ፤ ማንበብና መጻፍ ላይ ግን ይቸገራሉ። መመዘኛው የጽሑፍ ፈተና ብቻ ከሆነ ከአሌፍ ጀማሪዎች ጋር ተቀምጣ ትሰለቻለች፤ የቃል ፈተናም እንዲኖር አጥብቀው ይጠይቁ።

በብዙ ፕሮግራሞች የዓመቱ ግማሽ የበጎ ፈቃድ አገልግሎት ነው። 60 ሰዓት የሚወስደውን ሥልጠና ጨርሰው የኢስራኤል የድንገተኛ ሕክምና አገልግሎት በሆነው በማጌን ዳቪድ አዶም አምቡላንስ ላይ የሚሠሩ አሉ፤ ከሁሉም ይበልጥ ልጆችን በአንዴ የሚያበስለው ይህ ሥራ ይመስለኛል። ሌሎቹ በትምህርት ቤቶችና ከትምህርት ሰዓት በኋላ በሚከፈቱ ማዕከሎች እንግሊዝኛ ያስተምራሉ፤ ከእነዚህም ውስጥ የእኛ ሰዎች በብዛት በሚኖሩባቸው ሰፈሮች ያሉት ጥቂት አይደሉም። በሬሖቮት ኪርያት ሞሼ አንዲት የእኛ ልጅ ከአሜሪካ ጓደኞቿ ጋር እንዲህ ያለ ማዕከል ስትገባ አይቻለሁ። ጓደኞቿ ስለ «ኢትዮጵያውያን ልጆች» ገለጻ ተሰጥቷቸው ነበር የመጡት፤ እሷን ግን ደጃፍ ላይ የነበሩት እናቶች ገና ሳትቀመጥ «የማን ልጅ ነሽ? አያትሽ ከየት ናቸው?» እያሉ ያዟት፤ ከመካከላቸውም አንዷ የአያቷን መንደር ያውቁ ነበር። ደስታውም ግራ መጋባቱም አንድ ላይ ነበር፤ ረጂ ሆና መጥታ ዘመድ ሆነች። ልጅዎም ይህ ይደርስባታል። በቡድኑ ውስጥ ጥቁር እሷ ብቻ የመሆኗ ዕድልም ሰፊ ስለሆነ፣ ከመድሪኾቹ መካከል የእኛ ሰው ይኖር እንደሆነ ከመጀመሪያው መጠየቁ ነውር የለውም።

በዓላቱን በሚመለከት ጊዜው ይገጥምላታል። ፕሮግራሞቹ ብዙውን ጊዜ በነሐሴ መጨረሻ ወይም በመስከረም ስለሚጀምሩ፣ ከዮም ኪፑር (የስርየት ቀን) 50 ቀን በኋላ የሚውለው የቤተ እስራኤል በዓል ስግድ በመጀመሪያዎቹ ወራት ይደርሳል። እ.ኤ.አ. በ2008 በሕግ የመንግሥት በዓል ስለሆነ ፈቃድ መስጠት አያዳግታቸውም፤ ቡድኑን በሙሉ በዓሉ ወደሚከበርበት ወደ ኢየሩሳሌሙ አርሞን ሃናጺቭ ይዘው የሚወጡም አሉ። ወደ ኢስራኤል ሲጓዙ በሱዳን መንገድ ሞተው የቀሩት ወገኖቻችን በሄርጽል ተራራ የሚታሰቡበት የኢየሩሳሌም ቀን የሚውለው በግንቦት አካባቢ ነው፤ ፕሮግራሙ ከዚያ በፊት የሚያልቅ ከሆነ ቲኬቷን ጥቂት ቀን ገፋ ያድርጉላት።

የዩኒቨርሲቲው ነገር ከባድ አይደለም፦ መጀመሪያ ታመልክት፣ ተቀባይነቷን ታግኝ፣ ከዚያ በኋላ የአንድ ዓመት ማራዘሚያ በጽሑፍ ትጠይቅ። ያገኘችው ስኮላርሺፕ ይጠበቅላት እንደሆነና በዓመቱ የምትወስዳቸው ኮርሶች ይያዙላት እንደሆነ ያረጋግጡ፤ አንዳንድ ዩኒቨርሲቲዎች በማራዘሚያው ዓመት ሌላ ቦታ ክሬዲት መውሰድን ይከለክላሉ። የፌዴራሉን የገንዘብ ድጋፍ ማመልከቻም በየዓመቱ እንደ አዲስ መሙላት ግድ ነው። ክፍያን በተመለከተ ከ20 ሺህ ዶላር የሚያልፉ ፕሮግራሞች ስላሉ፣ የኢስራኤል ዜጋ ሆና የማሳ ድጋፍ ይገባት እንደሆነ ገንዘብ ከመክፈልዎ በፊት ይጠይቁ።

ደኅንነቱን ሳላነሳ ባልፍ ደስ አይለኝም። እ.ኤ.አ. በሰኔ 2025 ከኢራን ጋር በነበረው ጦርነት የአየር ክልሉ ሲዘጋ፣ ታግሊት በተባለው የአይሁድ ወጣቶች ፕሮግራም ለጉብኝት የመጡ ልጆች በመርከብ ወደ ቆጵሮስ ወጥተዋል። ስለዚህ በማደሪያው ማማድ (ከሮኬት የሚጠብቅ የተጠናከረ ክፍል) አለ ወይ፣ ሌሊት ሳይረን ሲጮህ ከልጆቹ ጋር የሚያድረው ማን ነው፣ ፕሮግራሙ በመካከል ቢቋረጥ ከክፍያው ምን ያህል ይመለሳል የሚሉትን ይጠይቁ። የሁለት ወይም የሦስት ፕሮግራሞች ሳምንታዊ መርሐ ግብር ሲደርስዎት እዚሁ ይለጥፉት፤ አብረን እናየዋለን።