አናቱ ላይ ኮንክሪት ከመጨመራችሁ በፊት

ጥያቄ፦ «ጅማ አካባቢ በሚሠራ የ15 ሜትር የኮንክሪት ግድብ ላይ ፎርማን ነኝ። ጂኦሎጂስቱ 3 ኪሎ ሜትር ርቆ ፎልት (አለቱ ተሰንጥቆ ግራና ቀኙ የሚንሸራተትበት መስመር) አለ አለን። አሠሪያችን ደግሞ ‹እንግዲያው አናቱን እናወፍረው፤ መኪናም ያሳልፋል፣ ይጠነክራልም› ይላል። ምን ይመክሩኛል?»

ወንድሜ፣ አሠሪህን ቡና ጋብዘህ ቀስ ብለህ አስረዳው። አናት ላይ የሚጨመር ኮንክሪት ጉልበት ሳይሆን ሸክም ነው። መሬት ስትነቀነቅ እያንዳንዱ ኩንታል በክብደቱ ልክ ይገፋል። ከፍ ብሎ የተቀመጠው ደግሞ ግድቡን ለመገልበጥ ይብሳል።

ህንድ ውስጥ ኮይና የሚባል 103 ሜትር ግድብ አለ። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1967 መጠኑ ከ6 በላይ የሆነ ርዕደ መሬት መታው። ክፉኛ የተሰነጠቀው ውኃ የማይተኛበት የኋላ ጎኑ ተዳፋት ድንገት የሚታጠፍበት አንገቱ ላይ ነው። ከባድ ጭንቅላት በቀጭን አንገት! ኮንክሪት ሲጨመቅ ጀግና ነው፤ ሲሳብ ግን አቅሙ የዚያ አንድ አሥረኛ ገደማ ነው። ደግነቱ ግድቡ አልፈረሰም፤ በኋላ ድጋፍ ተሠራለት። (የጎረቤታችን ግልገል ጊቤ አንድ በድንጋይ ሙሌት የተሠራ ስለሆነ ለዚህ ምሳሌ አይሆነንም።)

የእናንተው አጭርና ግትር ስለሆነ እንደ ኮይና አይወዛወዝም። እኔ የምፈራላችሁ መንሸራተቱን ነው። ፎልት ቅርብ ሲሆን መሬቱ መንዘፍዘፍ ብቻ አይደለም የሚያመጣው። አንዳንዴ ኃይሉ ተጠራቅሞ እንደ አንድ ትልቅ ግፊት ይመጣል፤ የተቆለፈ በር በትከሻ እንደሚገፋው። ወደ ላይና ወደ ታች ያለው ንቅናቄም ቅርብ ላይ ይበረታል። ግድቡ ለቅጽበት ቀለል ሲል ከአለቱ ጋር ያለው ሰበቃ ይቀንሳል፤ ውኃው ግን መግፋቱን አያቆምም። አንዴ የተንሸራተተች ሳንቲ ሜትር ደግሞ አትመለስም።

ስለዚህ ጉልበታችሁን ሥሩ ላይ አፍስሱ። የላላውን አለት እስከ ጤነኛው ድረስ አንሱ፤ እጠቡ። ትናንት ባፈሰሳችሁት ላይ ዛሬ ስትጨምሩ፣ ላዩ ላይ የሚቀረውን ነጭ ስስ ሽፋን ጠጠሩ እስኪታይ አስነሱ። የጅማ ዝናብ ሌሊት ቀይ ጭቃ አምጥቶ እዚያው ያለብሰዋል። ጠዋት ሳትጠርጉ ካፈሰሳችሁ የግድቡን መሰንጠቂያ በገዛ እጃችሁ ሠራችሁ ማለት ነው። ከሥር የሚሰርገውን ውኃ የሚያስወጡት ቀዳዳዎችም አይደፈኑ፤ ውኃው መውጫ ካጣ ግድቡን ወደ ላይ ያነሳዋል።

መንገዱ የግድ ከሆነ ለብቻው ድልድይ ይሠራለት። አናቱን ማስፋት ካልቀረ ደግሞ ዲዛይነሩ እንደገና ያስላው፤ ተዳፋቱም ቀስ እያለ ይታጠፍ እንጂ አይሰበር።

አንድ የቀረ ነገር አለ፤ ከሁሉም የሚከብደው እሱ ነው። ጂኦሎጂስቱን «የፎልቱ ቅርንጫፍ በመሠረታችን ሥር ያልፋል ወይ?» ብለህ ጠይቀው። 3 ኪሎ ሜትር ላይ ያለው ያነቀንቃችኋል፤ ከመሠረታችሁ ሥር ያለው ግን ይቆርጣችኋል። ታይዋን ውስጥ እንደ ፈረንጆቹ በ1999 ሺ-ካንግ የሚባለው ግድብ ይህ ደርሶበታል። ፎልቱ በሥሩ አልፎ አንዱን ወገን ከሌላው 7 ሜትር ያህል ከፍ አደረገው፤ የዳርቻ በሮቹ ተሰባበሩ። ይህን የሚችል ውፍረት የለም። መሠረቱ ላይ የተፈጨ አለት ወይም ለስላሳ ሸክላ የሞላበት መስመር ካያችሁ ቤቶኔራውን አቁሙና ጂኦሎጂስቱን ጥሩ። መስመሩ ሕያው፣ ማለትም ገና ሊንቀሳቀስ የሚችል ፎልት ከሆነ ግድቡን ወደ ሌላ ቦታ ማዛወር ነው። ኮንክሪት ሳይፈስ ከታወቀ ኪሳራው ያንሳል።